ጎረቤት አገር ፕሬዚዳንት ሲለውጥ እኛን ምን ይነካናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የምሠራው ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። በ2024 መጨረሻ፣ ነፃ አገር ነኝ በምትለው፣ ሶማሊያ ግን የግዛቴ አካል ናት በምትላት በሶማሌላንድ ምርጫ በተደረገበት ሰሞን ቢሮአችን ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር። አንዱ ወገን «ዕቃችን የሚገባው በጅቡቲ ነው፤ ሐርጌሳ ላይ ማንም ቢመረጥ ምን አገባን?» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «የባሕር በሩ ነገር አከተመለት» ይል ነበር። አሁን የኬንያ ምርጫ እየቀረበ መጥቶ ክርክሩ እንደገና አገርሽቷል። ለመሆኑ የጎረቤት አገር የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት እንደ እኛ ያለውን አገር የሚነካው በምን መንገድ ነው?
*አንባቢ፣ ከለገሃር*

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ጠረጴዛዎ ላይ የተከመረውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቢያገላብጡ፣ በአብዛኛው የሚያገኙት የመግቢያ ጣቢያ ጋላፊ ወይም ደወሌ ነው፤ ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነውና። በዚህ ረገድ የሐርጌሳ ምርጫ በማግስቱ የአንድ ኮንቴይነር ጉዞ አልለወጠም። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ያላነሡት ጥያቄ አለ፤ እርሱም አገራችን ጥቅሟን ከማን ጋር አስራ ነበር የሚለው ነው። በእኔ እምነት የጎረቤት ምርጫ ጉዳትም ሆነ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በዚህ ነው። ከአገሪቱ ተቋማትና ከገበያዋ ጋር የታሰረ ጥቅም ምርጫን ይሻገራል፤ ከአንድ መሪ ጋር ብቻ የታሰረ ግን መሪው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በዚህ ገጽ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እያስታወስኩ፣ ነገሩን በግልጽ ከምታሳየው ከሶማሊያ ልጀምር።

ሞሐመድ አብዱላሂ ፋርማጆ በየካቲት 2017 የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሰኔ 2018 ሞቃዲሾን በጎበኙ ጊዜ ሁለቱ መሪዎች አራት ወደቦችን በጋራ ለማልማት መስማማታቸው ተገለጸ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ። በዚያ ወቅት ብዙዎቻችን የአፍሪካ ቀንድ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ ብለን ከልብ ተደስተን ነበር፤ ደስታውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሶማሊያ ፕሬዚዳንቷን የምትመርጠው በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ አይደለም። የሚመርጡት በጎሳ ድርሻ የተሰየሙ ጥቂት መቶ የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ስለዚህ የጎረቤት መንግሥት ለአንዱ ወገን ያደላ መስሎ ከታየ፣ ሌላው ወገን ነገሩን ቆጥሮ ያስቀምጠዋል። የፋርማጆ ተቃዋሚዎች አዲስ አበባን የሚያዩዋት እንደ ፕሬዚዳንቱ ደጋፊ ነበር። የፋርማጆ የሥልጣን ዘመን በየካቲት 2021 አበቃ፤ በሚያዝያ የታችኛው ምክር ቤት ዘመኑን በሁለት ዓመት ሲያራዝመው ሞቃዲሾ ውስጥ የታጠቁ ወገኖች ተታኮሱ፤ ውሳኔውም ተሻረ። ከብዙ መጓተት በኋላ ግንቦት 15 ቀን 2022፣ በጥብቅ በሚጠበቀው የሞቃዲሾ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ በተሰጠው ድምፅ፣ ሐሰን ሼክ መሐሙድ 214 ለ110 አሸነፉ።

ከዚያ በኋላ የአራቱ ወደቦች ዕቅድ መሬት ሳይነካ ቀረ። በጥቅምት 2024 አስመራ ላይ የሦስት አገሮች መሪዎች ሲሰበሰቡ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ጎን የተቀመጠችው ግብፅ ነበረች። ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ያ ወንበር የእኛ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናጓድል። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የሶማሊያ ምርጫ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል የተነሣው ከባድ ቅሬታ ቅርብ ምክንያቱ ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር አዲስ አበባ ላይ የተፈራረመችው የመግባቢያ ሰነድ ነው። ሐሰን ሼክ በሳምንቱ ውስጥ ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ፤ በሚያዝያ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሞቃዲሾን ለቅቀው እንዲወጡ ተደረገ፤ በነሐሴ ሶማሊያ ከግብፅ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራረመች። ማንኛውም የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ያንን ሰነድ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር ብዬ አላምንም። የምርጫው ውጤት የጨመረው ነገር አለመግባባቱ ሲመጣ ስልክ አንሥቶ የሚያለዝብ የቆየ መተማመን አለመኖሩ ነው። ከ2017 እስከ 2022 የተገነባው ወዳጅነት ሥልጣን ላይ ከነበረው ሰው ጋር ነበርና፣ ከተቃዋሚዎቹ፣ ከምክር ቤቱና ከክልል መስተዳድሮቹ ጋር የተገነባው ጥቂት ነበር።

የዚያው ምርጫ ውጤት ሌላውን ጎረቤት ኬንያን እንዴት እንደነካ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። በፋርማጆ ዘመን የሞቃዲሾና የናይሮቢ ግንኙነት በባሕር ወሰን ክርክርና ከኬንያ በምትዋሰነው የሶማሊያ ክልል በጁባላንድ ጉዳይ ሻክሮ፣ ሶማሊያ በታኅሣሥ 2020 ከኬንያ ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት እስከ ማቋረጥ ደርሳ ነበር። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የኬንያ ጫት፣ እነርሱ ሚራ የሚሉት፣ ወደ ሶማሊያ እንዳይገባ ታግዶ ቆየ። ጫት ደግሞ እንደ ቡና ጎተራ ተቀምጦ ገበያ የሚጠበቅለት ምርት አይደለም፤ ማለዳ የተቆረጠው በዚያው ቀን አውሮፕላን ላይ ካልወጣ በማግስቱ ዋጋ የለውም። በሜሩ አውራጃ የሚኖሩት ገበሬዎች ዋነኛ ገበያቸውን ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አጡ፤ የኬንያ ነጋዴዎችም ቦታችንን የኢትዮጵያ ጫት ወሰደብን እያሉ ያማርሩ ነበር። ሐሰን ሼክ ተመርጠው በሰኔ 2022 በዓለ ሲመታቸው ሲከበር የኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሞቃዲሾ ተገኙ፤ ገበያውን ስለ መክፈት ተስማሙ፤ በሐምሌ የሜሩ ጫት እንደገና ሞቃዲሾ ማረፍ ጀመረ። እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተሰጠ ድምፅ፣ ድንበር ተሻግሮ በሜሩ ኮረብታ ላይ ያለውን ገበሬ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲከፍል አስቻለው፤ ገበያውን ለብቻው ይዞ ለነበረው የእኛ ላኪ ደግሞ ተፎካካሪ መለሰበት። የጎረቤት ምርጫ ለአንዱ የሰጠውን ከሌላው የሚወስድበት ጊዜ እንዳለ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ሶማሌላንድ ምርጫ ስንመጣ፣ የቢሮ ጓደኞችዎ «አከተመለት» ያሉት ቸኩለው ነው። ኅዳር 13 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ የዋዳኒ ፓርቲው አብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ፣ «ኢሮ» በሚለው ስማቸው የሚታወቁት፣ 64 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው ሰነዱን የፈረሙትን ሙሴ ቢሂ አብዲን አሸነፉ። ሕዝቡ የመረጠው በዋናነት በራሱ ጉዳይ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ፣ በ2022 መካሄድ የነበረበት ምርጫ በሁለት ዓመት መራዘሙ፣ በምሥራቃዊቷ ከተማ በላስ አኖድ የተደረገው ውጊያና የጎሳ አሰላለፉ ከእኛ ጋር ከተፈረመው ሰነድ ይልቅ ይመዝኑ ነበር። ተቃዋሚው ወገን ሰነዱን የተቸው ምክር ሳይደረግበትና ይዘቱ በግልጽ ሳይታወቅ ተፈረመ በማለት ነበር። ከዚያም ነገሮች ተከታትለው መጡ። ታኅሣሥ 11 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ ሸምጋይነት አለመግባባታቸውን በንግግር ለመፍታት የተስማሙበትን የአንካራን መግለጫ አወጡ፤ በማግስቱ ታኅሣሥ 12 አዲሱ ፕሬዚዳንት ሐርጌሳ ላይ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ኢሮ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ፣ እርሳቸው ያልፈረሙት ሰነድ ሌላኛዋ ተዋዋይ ኢትዮጵያ ፊቷን ወደ ሞቃዲሾ መልሳ ነው የጠበቀቻቸው። ጥር 11 ቀን 2025 ሐሰን ሼክ አዲስ አበባ ገቡ፤ የተቋረጠው ግንኙነት እንዲመለስ ስምምነት ተደረሰ፤ በየካቲት መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞቃዲሾ ሄዱ። ስለዚህ ሰነዱን ያቀዘቀዘው የሐርጌሳ ድምፅ ሰጪ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የአዲስ አበባ የራሷ ስሌትም ተለውጦ ነበር።

የበርበራ ወደብ ታሪክም ለጥንቃቄ ይጠቅመናል። በመጋቢት 2018 ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ የ19 በመቶ ድርሻ እንዲኖራት፣ የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ 51 በመቶ፣ ሶማሌላንድ 30 በመቶ እንዲይዙ ተስማምተው ነበር። በ2022 ግን ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ባለማሟላቷ ድርሻው እንደ ቀረ ተገለጸ። ስምምነቱ ሲፈረምም ድርሻው ሲቀርም ሐርጌሳ ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ያው ሙሴ ቢሂ ናቸው። ማንም አልተሸነፈም፣ ማንም አልተመረጠም። በጎረቤት ምርጫ ከማሳበባችን በፊት የራሳችንን የቤት ሥራ መጨረሳችንን ማየት እንዳለብን ይህ አንድ ጉዳይ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው፤ በግሌ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

አሁን ኬንያን እንይ። በነሐሴ 2022 የኬንያ ምርጫ ዊልያም ሩቶ 50.49 በመቶ፣ ራይላ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አገኙ። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የደገፉት ራይላን ነበር፤ ስለዚህ ሥልጣን የያዙት ተሰናባቹ ያልፈለጓቸው ሰው ነበሩ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ መስከረም 5 ቀን ውጤቱ ጸና። በዚያን ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል ትልልቅ ጉዳዮች በእንጥልጥል ላይ ነበሩ። የኬንያው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2021 ለቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ አገልግሎቱን በይፋ ሊያስጀምር ነበር፤ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ሊሸከም ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆምም ድርድር እየተጠበቀ ነበር። አንዱም አልተሰናከለም። ሩቶ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በወሩ ውስጥ አዲስ አበባ መጥተው በሳፋሪኮም ማስጀመሪያ ላይ ተገኙ፤ በኅዳር የኤሌክትሪክ ሽያጩ ተጀመረ፤ ኡሁሩ ኬንያታ በአዲሱ ፕሬዚዳንት ፈቃድ በሰላም ጥረቱ ቀጥለው፣ ከኦሉሴጉን ኦባሳንጆና ከፉምዚሌ ምላምቦ ጋር ኅዳር 2 ቀን ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም አሸማጋይ ነበሩ። በሕይወትና በሞት መካከል ለነበረው ለዚያ ሁሉ ወገን፣ የኬንያ ሥልጣን ሽግግር በሰላም መጠናቀቁ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ናይሮቢ በዚያ ወር በራሷ ሁከት ብትጠመድ ኖሮ፣ ስምምነቱን ለማስፈጸም የጦር አዛዦቹ በኅዳር የተገናኙበት ከተማ ማን ይሆን ነበር?

እንዲህ ያለው ሽግግር ሁልጊዜ የሚገኝ እንዳልሆነ ደግሞ ከዩጋንዳ መማር እንችላለን። ዩጋንዳ እንደ እኛ ወደብ የላትም፤ የኬንያዋ ወደብ ሞምባሳ ለካምፓላ ጅቡቲ ለእኛ የሆነችውን ያህል ናት። በታኅሣሥ 2007 መጨረሻ ምዋይ ኪባኪ አሸንፈዋል ተብሎ ሲታወጅ ኬንያ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 600,000 የሚጠጉ ተፈናቀሉ። የናይሮቢ ድሆች በሚኖሩበት በኪቤራ የተቆጡ ወጣቶች ወደ ዩጋንዳ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ነቀሉት፤ ቦቴዎችና የጭነት መኪኖች በየመንገዱ ቆሙ፤ በካምፓላና በኪጋሊ የነዳጅ እጥረት ተፈጠረ፤ ዋጋው አሻቀበ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ለኪባኪ ቀድመው የደስታ መልእክት ካስተላለፉት መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ይህም በምዕራብ ኬንያ በዩጋንዳ ላይ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ የጭነት መኪኖቹ የሚያልፉት ደግሞ በዚያው በምዕራብ ኬንያ ነው። ለካምፓላ ነጋዴ ኪባኪም ቢያሸንፉ ራይላ ኦዲንጋም ቢያሸንፉ የሞምባሳ ቀረጥ ያን ያህል አይለያይም ነበር፤ ያከሰረው የውጤቱ አለመታመን ነው።

ስለ ሌሎቹ ጎረቤቶቻችን የምለው አጭር ነው። ኤርትራ ነፃ ከወጣች ከ1993 ወዲህ ብሔራዊ ምርጫ አላደረገችም። ደቡብ ሱዳን በ2011 አገር ስትሆን የተቀመጠው ፕሬዚዳንት ምርጫው በተደጋጋሚ እየተራዘመ ዓመታት ቆይቷል። ጅቡቲን ከ1999 ጀምሮ የመሩት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ ናቸው። ከሁሉ በላይ የምንደገፍበት ወደብ ባለቤት የሆነችው አገር የሥልጣን ሽግግር ሲመጣ ምን እንደሚሆን፣ የእኔና የእርስዎ ትውልድ ትራንዚተር በሥራ ዘመኑ አልፈተነውም። «ሐርጌሳ ምን አገባን» ለሚሉት ባልደረቦችዎ ይህን እንዲያስቡበት ይንገሯቸው፤ አማራጭ ወደብ የሚፈለገው ለዚያ ቀን ነውና።

በነሐሴ 2027 ስለሚደረገው የኬንያ ምርጫ ለሥራዎ የሚጠቅመው የቀን አቆጣጠሩ ነው። በኬንያ ሕገ መንግሥት መሠረት የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤቱን በሰባት ቀን ውስጥ ያውጃል፤ ቅር የተሰኘ ወገን በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ በ14 ቀን ይወስናል። ይህ ፍርድ ቤት በመስከረም 2017 የፕሬዚዳንት ምርጫን ውጤት ሰርዞ ድጋሚ ምርጫ ያስደረገ በመሆኑ ነገሩ የይስሙላ አይደለም። በሞያሌ በኩል የሚያስገቡት ወይም የሚልኩት ዕቃ ካለ፣ የማይጠብቅ ጭነት ከምርጫው ቀን አስቀድሞ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ሊቆይ የሚችለውን ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ መላክ ከወጪ ያድንዎታል።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ነኝ። አዲስ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ከእርሱ በፊት የነበረው ከጎረቤት አገር ጋር የፈረመውን ስምምነት እንደ ፈለገ መሰረዝ ይችላል? ካልቻለስ ለምን ብዙ ስምምነቶች ከምርጫ በኋላ ይጠፋሉ?
*ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ*

መልስ፦ መርሁ ግልጽ ነው፤ ስምምነት የሚያስረው መንግሥትን እንጂ ፈራሚውን ግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ የመሪ መለወጥ ብቻውን ግዴታን አያስቀርም። የኢትዮጵያና የኬንያ የድንበር ስምምነት የተደረገው በ1970 ነው። ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ፣ ከዚያም የዛሬው መንግሥት መጣ፤ በእነርሱ በኩል ከጆሞ ኬንያታ እስከ ሩቶ አምስት ፕሬዚዳንቶች ተፈራረቁ፤ ወሰኑ ግን እንደ ጸና ነው። ከኬንያ ነፃነት ጋር የተጀመረው የመከላከያ ትብብርም በ1979 ርዕዮተ ዓለማቸው ፍጹም በማይገናኝ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን ታድሷል።

ብዙዎቹ የሚጠፉት ስምምነት የሚባለውን ደረጃ ስላልደረሱ ነው። የመሪዎች የጋራ መግለጫ ወይም የመግባቢያ ሰነድ፣ ተዋዋዮቹ አስገዳጅ እንዲሆን ካላሰቡ በቀር፣ የፖለቲካ ፍላጎት መግለጫ ሆኖ ይቀራል፤ አዲሱ መሪ ሊሰርዘው እንኳ አይገደድም፤ የባለሙያዎቹን ስብሰባ ባለመጥራት ብቻ ይሞታል። የአስመራው የ2018 የሦስትዮሽ ስምምነትና የአራቱ ወደቦች ዕቅድ የደረሰባቸው ይህ ነው።

የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው ሰነድ ሙሉ ቃል ግን ለሕዝብ ታትሞ አልወጣም፤ እኛም በምክር ቤታችን ሲመከርበት አልሰማንም፤ የሐርጌሳ ተቃዋሚዎችም በምርጫው ወቅት በሙሴ ቢሂ ላይ ያነሡት ቅሬታ ይኸው ነበር። ጉዳዩ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር የባሕር በር በመሆኑ፣ በወገን ስሜት ሳልጋረድ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ወደፊት የሚፈረመው ማንኛውም የወደብ ስምምነት ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጣ፣ በሁለቱም አገሮች ምክር ቤቶች እንዲመከርበት፣ በሌላው አገር ያሉት ተቃዋሚ ፓርቲዎችም ከመፈረሙ በፊት እንዲያውቁት መደረግ አለበት። የሕግ ተማሪ እንደ መሆንዎ ለጥናት ርዕስ ፍለጋ ላይ ከሆኑ፣ ከ1991 ወዲህ ከጎረቤቶቻችን ጋር ከተፈረሙት የወደብና የትራንዚት ሰነዶች ውስጥ የትኞቹ ለምክር ቤት ቀርበው እንደ ጸደቁና የትኞቹ እንዳልቀረቡ አንድ በአንድ ቢለዩልን ለዚህ አምድ አንባቢዎች ትልቅ ውለታ ይሆናል።